ከግንቡ ውጭ የነበረው ጎረቤት

ጎረቤት ማለት ምን ማለት እንደ ኾነ ብንጠየቅ ኹላችንም ፈጥነን የምንመልሰው ይመስለናል። አጥሩ ከአጥራችን የተያያዘ፥ ቡና ሲፈላ የሚጠራ፥ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል እርሱ ጎረቤታችን ነው። ነገር ግን በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 10 የተጻፈው የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ይህን የተለመደ ትርጓሜ ይገለብጠዋል። በዚያ ታሪክ ውስጥ ጎረቤት ኾኖ የተገኘው በሰፈር የቀረበው አይደለም፤ በሃይማኖትም በወገንም የራቀው፥ ነገር ግን በመንገድ ዳር የወደቀውን ቁስለኛ አይቶ ያላለፈው ሰው ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ስፍራ «ባልንጀራ» የሚለውን ቃል የመረጠው ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ ጎረቤትን ዕጣ ይሰጣል፥ ባልንጀራ ግን በሥራ ይገኛል።

ይህ ነገር በመጽሐፍ ብቻ ተጽፎ የቀረ አለመኾኑን ለማየት ወደ ሐረር እንሂድ። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት እንዳሠሩት የሚታወቀው ጁገል የተባለው ግንብ ከተማዪቱን እንደ መቀነት ታጥቋት ይኖራል። በቀድሞው ዘመን በሮቹ በማታ ይዘጉ ነበር። በውስጥ ያለው ሰው በሰላም ይተኛል፤ በውጭ የቀረው ግን ለብርድና ለጅብ ነው። እንግዲህ የአንዲት ከተማ ሃይማኖት የሚፈተነው በሮቹ ሲዘጉ በውጭ የሚቀረው ማን እንደ ኾነ በመጠየቅ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

በብዙ አገርና በብዙ ዘመን በውጭ የሚቀረው በሥጋ ደዌ የተያዘው ሰው ነበር። የኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 እንደዚህ ያለውን ሕመምተኛ ከሰፈር ውጭ ብቻውን እንዲቀመጥ ያዛል። በእኛም አገር እግሩና እጁ የተጎዳው ሕመምተኛ በቤተ ክርስቲያን ደጅና በጠበል ስፍራ ተቀምጦ ምጽዋት ሲለምን ኖሯል። ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ እየዘመሩ የሚለምኑት ላሊበላዎች ዜማውን የተውን እንደ ኾነ ይህ ደዌ ይይዘናል ብለው ያምኑ እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ ከዚህም የፍርሃቱን ጥልቀት መገመት ይቻላል። በርግጥ ሕዝባችን ምጽዋት አልነፈገም። ዳሩ ግን ሳንቲም ወርውሮ ማለፍ አንድ ነገር ነው፤ ጎንበስ ብሎ ቁስል ማጠብ ደግሞ ሌላ ነው።

ሐረር በ1879 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ከገባች በኋላ ራስ መኰንን ገዥዋ ኾኑ። ወዲያው ክፉ ቀን የተባለው ዘመን መጣ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የከብት ዕልቂት፥ ረኃብና ወረርሽኝ አገሪቱን መታት፤ በሬ ባለመኖሩ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ አርአያ ኾነዋል። ያ ዘመን ካለፈ በኋላ ራስ መኰንን በሐረር ሐኪም ቤት አቋቋሙ፤ የጉዋዴሉፕ ተወላጅ የኾኑት ዶክተር ቪታልያንም በዚያ አገለገሉ። እኚህ ሐኪም ለራስ መኰንን ልጅ ለተፈሪ የፈረንሳይኛ ቋንቋ ያስተማሩት ናቸው።

በዚሁ ዘመን፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1901፥ ካፑቺን የተባሉት የፈረንሳይ መነኰሳት በሐረር ከግንቡ ውጭ በቅዱስ እንጦንስ ስም የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠጊያ ከፈቱ። በኢትዮጵያ ምድር ለዚህ ደዌ ተብሎ በዘመናዊ ሥርዐት የተቋቋመው የመጀመሪያው ቤት ይኸው ነው። ካፑቺኖች የቅዱስ ፍራንቼስኮስ ልጆች ናቸው፤ ፍራንቼስኮስም በወጣትነቱ በሥጋ ደዌ የተያዘ ሰው ባየ ጊዜ ይጸየፍ የነበረ፥ በኋላ ግን ከፈረሱ ወርዶ ያቀፈ መኾኑን የማኅበሩ አባላት ኹሉ ከልጅነት ጀምሮ የሚሰሙት ታሪክ ነው። እንግዲህ ወደ ሐረር የመጡት መነኰሳት ይህን ታሪክ በከረጢታቸው ይዘው መጡ ለማለት ይቻላል።

በዚያን ጊዜ ፈውስ አልነበረም። ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን የደዌውን ተዋስያን በአጉሊ መነጽር ያየው በ1865 ዓ.ም. ነው። የሚያስደንቀው፥ ቤልጅጋዊው ካህን አባ ዳምያን በውቅያኖስ መካከል ባለችው በሞሎካይ ደሴት ከተጣሉት ሕሙማን ጋር ለመኖር የወረደው በዚያው ዓመት መኾኑ ነው። አንዱ ደዌውን አየ፥ ሌላው ደዌ የያዘውን ሰው አየ። አባ ዳምያን በዚያው ደዌ ተይዞ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1889 ሞተ። የሐንሰን ግኝት ግን መድኃኒት ለመኾን ከ60 ዓመት የበለጠ ጊዜ ፈጅቶበታል፤ በመካከሉ ያለውን ጊዜ የሞላው የዳምያንና የመሰሎቹ እጅ ብቻ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ የዚህን አገልግሎት ክብደት ለመረዳት የደዌውን ጠባይ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ሥጋ ደዌ ጣት አይቈርጥም። ተዋስያኑ የሚያጠቃው ቆዳንና ነርቭን ነው፤ ነርቩ ሲሞት ሕመምተኛው ሕመም መስማቱን ያቆማል። ትኩስ ድስት ሲይዝ አይሰማውም፤ እሾኽ ሲወጋው አያውቅም። ቁስሉ ሳይታወቅ ይመረቅዛል፥ አጥንት ይበላል፥ ከዚያ በኋላ ሰው ደዌው ጣቱን ቈረጠው ይላል። ስለዚህ በቅዱስ እንጦንስ ቤት የነበረው ዋናው ሥራ ተአምር አልነበረም። ዛሬ ያጠቡትን እግር ነገም ማጠብ፥ የፈታኸውን ጨርቅ ቀቅለህ መልሰህ መጠምጠም፥ እጅ የሌለውን ማጉረስ፥ ወገን የካደውን መቅበር ነበር። መነኰሳቱና የፍራንቼስኮስ ማኅበር ደናግል ይህን ሥራ ሲሠሩ ሕሙማኑ የብዙ ሃይማኖት ሰዎች ነበሩ፤ ደዌው በክርስቲያንና በእስላም መካከል አይመርጥምና። ለቁስል የሚቀርበው ጥያቄ ወዴት ያመዋል የሚል እንጂ ማንን ታመልካለህ የሚል አይደለም።

ይሁን እንጂ ምስጋና ብቻ ጽፌ ባልፍ ለአንባቢ የጎደለ ነገር ማቅረቤ ነው። መጠጊያው ለሕሙማኑ ቤት ሲኾናቸው ለከተማው ደግሞ ዕረፍት ኾነለት። የሚያጥብላቸው ሰው ስለ ተገኘ ሌላው ሰው ከማጠብ ነጻ ወጣ፤ የሚያዩትን ሰው በሩቅ ስላኖሩለት ደግሞ ከማየትም ዳነ። ምሕረትና መለየት በአንድ አጥር ውስጥ አብረው ኖሩ። ጥፋቱ ግን ያጠቡት ሰዎች አይመስለኝም። ጥፋቱ እነርሱ ስላሉ ብሎ እጁን የሰበሰበው ሰው ነው። ከሰው ኹሉ ከመቶ ዘጠና አምስቱ ያህል ይህን ተዋስያን በተፈጥሮው የሚቋቋም መኾኑን ዛሬ እናውቃለን፤ ከፍርሃቱ ብዙው ከንቱ ነበር።

የሐረር የካቶሊክ ሚሲዮን አለቃ ኾነው ከ1892 ዓ.ም. ጀምሮ ያስተዳደሩት፥ የአገሩ ሰዎች አባ እንድርያስ የሚሏቸው ሞንሲኞር ዣሮሶ ነበሩ። በኢትዮጵያ ከኀምሳ ዓመት በላይ ኖረዋል፤ በኋላ ዐፄ ኀይለ ሥላሴ የተባሉትን ሕፃን ተፈሪንም አስተምረዋል። እኚህ አረጋዊ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው ሌላ ዐይነት መከራ በሐረር ሰማይ ላይ መጣ።

በሐረር ዙሪያ ካሉት የገጠር ወረዳዎች አንዱ ድሬ ጠያራ ይባላል። «ድሬ» በኦሮምኛ ሜዳ ነው፤ «ጠያራ» ከዐረብኛ የመጣ ቃል ኾኖ አባቶቻችን አይሮፕላንን የሚጠሩበት ስም ነበር። ዛሬ ይህን ስም የሚሰማ ወጣት መንገደኛ የሚሳፈርበትን አይሮፕላን ያስብ ይኾናል። መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ግን በሐረር ላይ የደረሰው ጠያራ መንገደኛ አልጫነም፤ ቦምብ ጭኖ ነበር። ከማይጨው ጦርነት ኹለት ቀን አስቀድሞ የኢጣልያ አይሮፕላኖች ክፍት ከተማ የተባለችውን ሐረርን ደበደቡ። ቀይ መስቀል ምልክት ያለባቸው ቤቶችና የካቶሊክ ሚሲዮን ሳይቀሩ ተመቱ።

በዚያን ጊዜ በምሥራቁ ግንባር ቁስለኛ ለመርዳት የተሰበሰቡትን ሰዎች ማሰብ ደስ ያሰኛል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት፥ በሐምሌ ወር 1927 ዓ.ም. ነው። ከስዊድንና ከፊንላንድ ሐኪሞች መጡ። ከግብጽም በልዑል ዑመር ጡሱን የሚመራ ኮሚቴ፥ የእስክንድርያው ፓትርያርክ ዮሐንስ ጭምር ደግፈውት፥ የቀይ ጨረቃ ሐኪሞችን ላከ፤ እስላሙ ልዑልና ክርስቲያኑ ፓትርያርክ ለአንድ ቁስለኛ ገንዘብ ሲሰበስቡ ማየት በዓለም ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኝ ነገር አይደለም። አሜሪካዊው የሚሲዮን ሐኪም ዶክተር ሮበርት ሆክማን በደገሃቡር ያገለግሉ ነበር። ከሰማይ ወድቀው ያልፈነዱትን ቦምቦች ሕዝቡን እንዳይጎዱ ብለው ያመክኑ ነበርና ታኅሣሥ 3 ቀን 1928 ዓ.ም. ከነዚሁ አንዱ በእጃቸው ላይ ፈንድቶ ሞቱ። ይህ ሥራ በሕክምና መጽሐፍ ውስጥ የሐኪም ግዴታ ተብሎ አልተጻፈም።

አባ እንድርያስ ከተማዪቱ ስትደበደብ ጥለዋት አልሸሹም። ከሐረር ያስወጣቸው ኋላ የመጣው የኢጣልያ መንግሥት ነው፤ የፈረንሳይ ሚሲዮኖችን በኢጣልያውያን ለወጠና ሽማግሌው በግድ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1933 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ነጻ ልትወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩ በቱሉዝ ከተማ ዐረፉ። ሕሙማኑ ግን በሐረር ቀሩ፤ ወራሪ ቢመጣ፥ ወራሪ ቢሄድ፥ ቁስል በየማለዳው መታጠብ አለበት።

ከነጻነት በኋላ በዚህ ሥራ ስማቸው የታወቀው ፈረንሳዊው ሐኪም ዶክተር ዣን ፌሮን ናቸው። የሕሙማኑ ቍጥር ከአቅማቸው በላይ ስለ ኾነባቸው ወደ አውሮፓ የርዳታ ጥሪ አሰሙ። ጥሪውን የሰሙት ሄርማንና ኢሬነ ኮበር የተባሉ ጀርመናውያን ባልና ሚስት፥ ከወዳጃቸው ከግራፍ ማግኒስ ጋር ኾነው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1957 በቩርትስቡርግ ከተማ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መርጃ ማኅበር አቋቋሙ። የማኅበሩ የመጀመሪያ ሥራም በሐረር አጠገብ፥ ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ፥ በቢሲዲሞ የሕሙማን መንደር መሥራት ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ቤቶቹ ተሠሩ፥ መሬቱ ታረሰ። ጀርመን ከጦርነት ፍርስራሽ ከወጣች ገና ብዙ ዓመት እንዳልኾናት ስናስብ ነገሩ የበለጠ ያስገርማል። ማኅበሩ ኋላ በብዙ አገር የሠራ ትልቅ ማኅበር ኾነ፤ መነሻው ግን አንድ ሐኪም ብቻዬን አልቻልኩም ብሎ መጮኹ ነው።

ቀሪውን በአጭሩ ላውጋ። በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ሕክምና ድርጅት ተመሠረተ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት ብዙ መድኃኒቶች አብረው የሚወሰዱበትን ሕክምና አጸደቀ፤ በዚህም ደዌው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት በሚደርስ ጊዜ ውስጥ የሚድን ኾነ። ሕመምተኛው መድኃኒቱን ከጀመረ በኋላ ወዲያው ማስተላለፉን ያቆማል። ከግንብ ውጭ የሚያስቀምጥ ምክንያት ከዚያ ወዲህ የለም። ደዌው ራሱ ግን ገና አልጠፋም፤ በአገራችን በየዓመቱ ከ2 ሺህ የሚበልጡ አዲስ ሕሙማን ይመዘገባሉ።

ከደዌው የበለጠ የቆየው ስም ነው። የዳነ ሰው ጠባሳው ስለ ቀረ ብቻ ቤት ይከለከላል፤ ልጁ ጤነኛ ኾኖ ሳለ የእገሌ ልጅ ተብሎ ጋብቻ ይቀርበታል። በደዌው የተጠቁት ሰዎች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1996 የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር አቋቁመው የተነሡት ስለዚህ ነው። እነርሱ የሚጠይቁት ምጽዋት አይደለም፤ የሥራ መብትና የሰው ስም ነው። በቀድሞው ዘመን ሌላው ሰው ስለ እነርሱ ይናገርላቸው ነበር፤ አሁን ግን ለራሳቸው ይናገራሉ፥ ይህንም ከብዙ ሕንጻዎች ይልቅ እኔ አከብረዋለሁ።

ቢሲዲሞም እንደ ጥንቱ አልቀረም። በከተማው ያልተፈለጉ ሰዎች ይኖሩበት ዘንድ የተሠራው ስፍራ ቀስ በቀስ ለአካባቢው ሕዝብ ኹሉ ሆስፒታል ኾነ። ቀድሞ ከሕሙማኑ ይሸሽ የነበረው የባቢሌና የዙሪያው ገበሬ ዛሬ ልጁ ወባ ሲይዘው፥ ሚስቱ ምጥ ሲጠናባት፥ ወደ እነርሱ መንደር ይዞ ይመጣል፤ በዚያም በሥጋ ደዌ የተጎዱ እግሮች ካሏቸው ሽማግሎች ጋር በአንድ ደጅ ተራውን ይጠብቃል።