ክራውን ጎል

ክራውን ጎል አግሮባክቴሪየም ቱመፋሲየንስ በተባለ የአፈር ባክቴሪያ የሚመጣ የዕፅዋት በሽታ ነው። በበሽታው በተያዘ ተክል ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግንዱና ሥሩ በሚገናኙበት ቦታ፣ እንደ እባጭ ያለ ዕጢ ይወጣል። ዕጢው የሚያድገው ባክቴሪያው ከራሱ ጂኖች ጥቂቶቹን ወደ ተክሉ ሕዋስ ስለሚያስገባና ሕዋሱ የዕድገት ሆርሞኖችን ያለ ልክ እንዲያመርት ስለሚያደርገው ነው። በዚህ ምክንያት ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ዕጢው ማደጉን ይቀጥላል።

በሽታው ጽጌረዳን፣ ወይንን፣ ኮክን፣ ፕሪምን፣ ፖምንና ሌሎች ብዙ ባለ ሁለት ክክ ዕፅዋትን ያጠቃል። እንደ ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ ያሉ ባለ አንድ ክክ ሰብሎች ግን በተፈጥሮ አይያዙም።

ሆርሞኖቹ

የተክል ሕዋስ መቼ እንደሚከፈልና ምን እንደሚሆን ከሚወስኑት ሆርሞኖች መካከል ኦክሲንና ሳይቶካይኒን ዋናዎቹ ናቸው። ወሳኙ የሁለቱ መጠን ብቻ ሳይሆን ሚዛናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ፎልክ ስኩግና ካርሎስ ሚለር በትምባሆ ሕዋሳት ላይ ባደረጉት ጥናት ኦክሲን ሲያመዝን ሥር፣ ሳይቶካይኒን ሲያመዝን ቡቃያ እንደሚወጣ አሳዩ። ሁለቱ ሲመጣጠኑ ሕዋሳቱ ቅርጽ ሳይዙ እየተከፈሉ ይበዛሉ። ጤናማ ተክል ይህን ሚዛን ራሱ ይቆጣጠራል።

የበሽታው አካሄድ

ባክቴሪያው የሚገባው በቁስል በኩል ነው። በመግረዝ፣ በመኮትኮት፣ በውርጭ ወይም በነፍሳት የቆሰለ ተክል አሴቶሲሪንጎንን የመሳሰሉ ውሁዶች ያመነጫል። ባክቴሪያው እነዚህን ሲያገኝ ቲአይ ፕላስሚድ በተባለ ክብ ዲኤንኤ ላይ የሚገኙ ጂኖቹ ይነቃሉ። ከዚያም ከፕላስሚዱ ቲ-ዲኤንኤ የተባለው ክፍል ይቆረጥና በፕሮቲን በተሠራ ቀጭን መተላለፊያ ወደ ተክሉ ሕዋስ ይገባል። በመጨረሻም ከሕዋሱ የራሱ ዲኤንኤ ጋር ይቀላቀላል።

በቲ-ዲኤንኤ ላይ ካሉት ጂኖች ሦስቱ ለዕጢው ዋና ምክንያት ናቸው። ሁለቱ በየተራ እየሠሩ ትሪፕቶፋን የተባለውን አሚኖ አሲድ ወደ ኦክሲን ይለውጣሉ። ሦስተኛው ሳይቶካይኒን የሚያስገኝ ኢንዛይም ይሠራል። የኦክሲን ጂኖቹ ሲበላሹ ዕጢው ቡቃያ ያወጣል፤ የሳይቶካይኒኑ ጂን ሲበላሽ ደግሞ ሥር ያወጣል። ይህም ከስኩግና ሚለር ግኝት ጋር ይስማማል።

ሌሎች የቲ-ዲኤንኤ ጂኖች ሕዋሱ ኦክቶፒንና ኖፓሊንን የመሳሰሉ ኦፓይን የሚባሉ ውሁዶችን እንዲያመርት ያደርጋሉ። ተክሉ እነዚህን አይጠቀምባቸውም። ፕላስሚዱን የያዘው ባክቴሪያ ግን የካርቦንና የናይትሮጅን ምግብ አድርጎ ይጠቀምባቸዋል። ዕጢው ለባክቴሪያው የምግብ ማምረቻ ነው ማለት ይቻላል።

የምርምር ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1907 አሜሪካውያኑ ኧርዊን ስሚዝና ቻርልስ ታውንሴንድ የበሽታው መንስኤ ባክቴሪያ መሆኑን አረጋገጡ። በ1940ዎቹ አርሚን ብራውን ከባክቴሪያ ነጻ የሆነ የዕጢ ሕዋስ ሆርሞን ሳይጨመርለት በብልቃጥ ውስጥ እንደሚያድግ አሳየ። ከባክቴሪያው ወደ ተክሉ የሚተላለፍ አንድ ነገር መኖር እንዳለበትም ገመተ። በ1974 በቤልጅየም በጌንት ዩኒቨርሲቲ የጆዜፍ ሼልና የማርክ ቫን ሞንታጉ ቡድን ፕላስሚዱን አገኘ። በ1977 ሜሪ-ዴል ቺልተንና ባልደረቦቿ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የባክቴሪያው ዲኤንኤ በተክሉ ሕዋስ ውስጥ መኖሩን አረጋገጡ።

ከሌሎች ባክቴሪያዎች ጋር ሲነጻጸር

የተክልን ሆርሞን የሚያዛቡ ባክቴሪያዎች ሁሉ ጂን አያስተላልፉም። በወይራ ዛፍ ላይ እብጠት የሚያወጣው ሲዩዶሞናስ ሳቫስታኖይ ኦክሲኑን የሚያመርተው ራሱ ነው። ሮዶኮከስ ፋሲያንስ በሳይቶካይኒን አማካይነት የታጨቀ ቡቃያ እንዲወጣ ያደርጋል። ሲዩዶሞናስ ሲሪንጌ ደግሞ ጃስሞኔት የተባለውን የተክል ሆርሞን የሚመስል ኮሮናቲን የተባለ መርዝ ይሠራል። ተክሉ ባክቴሪያው እንዳይገባ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ሲዘጋ ኮሮናቲን መልሶ ያስከፍታቸዋል፤ በሳሊሲሊክ አሲድ የሚመራውንም መከላከያ ያዳክማል።

መከላከል

አንድ ጊዜ ሕዋሱ ከተለወጠ ባክቴሪያውን መግደል ዕጢውን አያድነውም። ስለዚህ ጥረቱ ሁሉ በመከላከል ላይ ያተኩራል። ከበሽታ ነጻ የሆነ ችግኝ መትከል፣ መግረዣ መሣሪያን ማጽዳት፣ ሥርና ግንድን አለማቁሰል፣ ዕጢ የታየባቸውንም ችግኞች ማስወገድ ያስፈልጋል።

በአውስትራሊያ አለን ኬር በሽታ የማያመጣ ኬ84 የተባለ የአግሮባክቴሪየም ዓይነት አገኘ። ይህ ዓይነት አግሮሲን 84 የተባለ ፀረ-ባክቴሪያ ስለሚያመርት ከ1970ዎቹ ጀምሮ የችግኝ ሥር ከመተከሉ በፊት ይነከርበታል። ሆኖም ሁሉንም የበሽታውን ዓይነቶች አይገታም። በተለይ ወይንን በሚያጠቃው አግሮባክቴሪየም ቪቲስ ላይ ብዙ አይሠራም።

ጥቅም

ተመራማሪዎች የሆርሞን ጂኖቹን ከቲ-ዲኤንኤ አውጥተው በምትካቸው የሚፈለገውን ጂን በማስገባት ባክቴሪያውን የጂን ማስተላለፊያ አድርገውታል። በዚህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1983 በቤልጅየምና በአሜሪካ ጂናቸው የተለወጠ የመጀመሪያዎቹ ተክሎች ተገኙ። ቫን ሞንታጉና ቺልተን ከሮበርት ፍሬሊ ጋር በ2013 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ዝውውሩ ያለ ሰው እጅም ይከሰታል። በ2015 በታተመ ጥናት ሰዎች በሚያለሙት ስኳር ድንች ዲኤንኤ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የቆየ የአግሮባክቴሪየም ዲኤንኤ መኖሩ ታውቋል።