ተምጫ ስንት ደርሶ ያውቃል?



ሰሞኑን ድሮ ያስተማርኩት ልጅ፣ ዛሬ መሐንዲስ ነው፣ ደወለልኝ። «መምህር፣ ተምጫ እስከ ዛሬ ከሞላው ሁሉ ትልቁ ስንት ነው?» አለኝ። ለድልድይ ሥራ ፈልጎት ነው። እኔም ደምበጫ ውስጥ ሽማግሌ ጠየቅሁ። አንዱ «በጃንሆይ ጊዜ ነው» አሉ፣ ሌላው «የለም፣ በደርግ»። አንዱ ደረታቸውን አሳዩኝ፣ ሌላው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ። ልጁ የሚፈልገው ግን ቁጥር ነው።

ተምጫ ላይ መለኪያ ጣቢያ አለ። በብዙ ወንዞቻችን ሥራው እንዲህ ነው፦ በሜትርና በሴንቲ ሜትር የተሰመረ ሰሌዳ ውሃው ዳር ይተከላል፣ አንድ የሰፈሩ ሰው ጧትና ማታ ወርዶ አንብቦ ይመዘግባል። ደግ ሥራ ነው። ዳሩ ግን ትልቅ ጎርፍ ጧትና ማታን መች ይጠብቃል? ሌሊት መጥቶ ሌሊት ያልፋል፤ ሲብስበትም ሰሌዳውን ነቅሎት ይሄዳል። መዝገቡ ላይ ክፍት የሚቀረው ብዙ ጊዜ ዋናው ቀን ነው።

ባሕር የሚያሰጋቸው ሰዎች ይኸን ችግር እንዴት እንደያዙት ላውጋችሁ። ሆላንድ አገሩ ዝቅ ያለ ነው። ኃይለኛ ነፋስ ባሕሩን እየገፋ ዳርቻው ላይ ሲቆልለው፣ ከላይ ማዕበል ሲጨመርበት፣ ግድቡን ዘሎ ይገባል። የድሮ ሰዎች ግድብ የሚሠሩት ከታየው ጎርፍ ሁሉ ትልቁን ይዘው፣ ትንሽ ጨምረው ነበር። ቬመልስፌልደር የሚባል መሐንዲስ ግን ሁክ ፋን ሆላንድ በተባለው ወደብ የተመዘገበውን የ50 ዓመት ገደማ የውሃ ከፍታ ወሰደና ቆጠረው። ይህ ከፍታ በስንት ዓመት ስንት ጊዜ ታለፈ? ያኛውስ? ነጥቦቹን አያይዞ መሥመሩን ማንም ካላየው ከፍታ በላይ ቀጠለው። እ.ኤ.አ. በ1939 ሲያሳትመው፣ ከታየው የሚበልጥ ውሃ ሊመጣ እንደሚችል በቁጥር ታየ። በዓመቱ ጦርነት ገባ። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 1953 ሌሊት ባሕሩ ግድቡን ሰበረ፣ 1,836 ሆላንዳውያን ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነው በ10,000 ዓመት አንዴ ይመጣል ለተባለ ውሃ፣ እዚያው ወደብ ላይ 5 ሜትር ብለው የወሰኑት።

«በ100 ዓመት አንዴ» ሲባል ታዲያ አንዴ ከመጣ 100 ዓመት ያርፋል ማለት እንዳይመስላችሁ (ፈተና ላይ ስንቶቻችሁ እንደሳታችሁት አልረሳሁም!)። በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል አለው ማለት ነው። ድልድዩ 30 ዓመት ቢቆም፣ ያ ጎርፍ በዚያ ዘመን ውስጥ የመምጣት ዕድሉ ከመቶ 26 ገደማ ነው።

የኛስ? 1998 ዓ.ም.ን አስታውሱ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ሆኖ የሚከርመው ደቻቱ፣ ድሬዳዋን በተኛችበት ገባባት፤ ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ሳምንት ሳይሞላው ወይም እንደሞላ ኦሞ ዳሰነች ላይ ሞልቶ ከ360 በላይ ወሰደ። በዚያው ክረምት ፎገራና ሊቦ ከምከም በጣና ዙሪያ ተጥለቀለቁ። ሁሉም «ያልታሰበ» ተባለ። ደቻቱ ግን ከዚያ በፊትም ከተማ ገብቶ ያውቃል።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። የተምጫም መጨረሻው ዓባይ ነው። የኛ ክረምት ካይሮ ሲደርስ ስንት ክንድ እንደሆነ፣ ሮዳ ደሴት ላይ በድንጋይ ምሰሶ እየተለካ ከ1,000 ዓመት በላይ ተጽፏል። ግብፅ የሠራው እንግሊዛዊው ሃርስት ያንን መዝገብ ገልብጦ፣ የሞሉ ዓመታት ተከታትለው፣ የጎደሉትም ተከታትለው የመምጣት ጠባይ እንዳላቸው እ.ኤ.አ. በ1951 ለዓለም አሳየ። በኛው ዝናብ! እኛ ደግሞ ምንጩ ላይ ቆመን ደረታችንን እናሳያለን።

ለልጁ ግን ባዶ እጄን አልመለስኩለትም። «በደርግ» ያሉት አባት ጎርፉ የመጣ ለት ልጃቸው ክርስትና ተነሥቶ ነበር፤ የልጁ ዕድሜ ዓመቱን ነገረን። ውሃው የነካውን ድንጋይም እዚያው ሄደው አሳዩን፣ ከፍታውን ለካነው። አንድ ነጥብ ተገኘ።

ተምጫ ዳር፣ ጨሞጋ ዳር ያደጋችሁ፣ ቤት ስትደውሉ አባቶችን ጠይቁልኝ፦ ውሃው የትኛው ድንጋይ፣ የማን ቤት ደጃፍ ደረሰ? በዚያ ዓመት ማን ተወለደ፣ ማን ተዳረ? የሰማችሁትን እዚህ ጻፉልኝ፤ እኔ ደብተር ከፍቻለሁ።