አጥንት ይህን ያህል ዘመን እንዴት ይቆያል? ከካርሜል ዋሻዎች እስከ አፋር



ልጆች ከትምህርት ቤት ለቲዩል ከሚወሰዱባቸው ቦታዎች አንዱ ከሃይፋ በስተደቡብ፣ በካርሜል ተራራ ያለው ናሃል መዓሮት ነው። «የዋሻዎች ወንዝ» እንደ ማለት ነው። ልጆቹ ተመልሰው ስለ 100,000 ዓመት አጥንት ሲያወሩ «ምን ብለን እንመልስላቸው?» የሚሉኝ ወላጆች አሉ። የዓመቱን ቁጥር ከኦሪት ጋር ማስታረቅ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ለእሱ ቄሶቻችን አሉ። ስለ ቦታውና ስለ አጥንቱ ግን ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1928 አገሩን እንግሊዞች ሲገዙ፣ ለሃይፋ ወደብ መሥሪያ ከዚህ ተራራ ድንጋይ ሊያወጡ አስበው ነበር። አስቀድሞ ሲፈተሽ የጥንት ሰዎች ዕቃ ስለተገኘ ዋሻዎቹ ከመፍረስ ተረፉ። ከ1929 እስከ 1934 ቁፋሮውን የመራችው ዶሮቲ ጋሮድ የምትባል እንግሊዛዊት ናት። ከሠራተኞቿ ብዙዎቹ የአካባቢው መንደር ሴቶች ነበሩ። ስኹል በሚባለው ዋሻ ቲዎዶር ማካውን የ10 ሰዎች አጥንት አገኘ። አንዱ ሰው የከርከሮ መንጋጋ እንዳቀፈ ነው የተቀበረው። ያኔም ቢሆን ሰው ሙቱን ዝም ብሎ አይጥልም ነበር ማለት ነው። ቦታው በ2012 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ።

እንግዲህ አጥንት እንዴት ይቆያል? አገር ቤት እንደምናውቀው፣ ሜዳ ላይ የቀረን አጥንት ጅብ ይሰባብረዋል፣ ፀሐይና ዝናብ ይሰነጥቁታል፣ በመጨረሻም አፈር ይሆናል። እንዲቆይ መጀመሪያ ቶሎ መሸፈን አለበት፤ ሰው ይቅበረው፣ ጎርፍ ደለል ያልብሰው፣ ወይም የእሳተ ገሞራ አመድ ይውረድበት። ሁለተኛው አፈሩ ነው። ኮምጣጣ አፈር አጥንትን ይበላዋል፤ የኖራ ድንጋይ ያለበት አፈር ግን ይጠብቀዋል። ካርሜል ደግሞ የኖራ ድንጋይ ተራራ ነው። ከዚያ በኋላ የአጥንቱ ለስላሳ ክፍል እየጠፋ ሲሄድ፣ ውሃ ይዞት የሚመጣው ማዕድን በቀዳዳዎቹ ይገባና ቀስ በቀስ እንደ ድንጋይ ያጠነክረዋል።

ስኹል ላይ አፈሩ ራሱ ከኖራው ጋር ተጣብቆ እንደ ቤቶን ጠንክሮ ነበር። ስለዚህ አጥንቱን እዚያው ማውጣት አልተቻለም። ከነድንጋዩ ቆርጠው ወደ ለንደን ላኩት፤ እዚያ ለማላቀቅ ዓመታት ፈጀ።

በአገራችንም በአፋር ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል። ድንቅነሽ በ1974፣ በኛ አቆጣጠር ኅዳር 1967፣ ሐዳር ላይ መገኘቷን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱ ይሆናል። በ2000 ደግሞ ኢትዮጵያዊው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ ዲኪካ ላይ፣ ከድንቅነሽ ወገን የሆነች የ3 ዓመት ገደማ ሕፃን አገኘ። 3.3 ሚሊዮን ዓመት አላት ይላሉ፤ ስሟንም ሰላም አሏት። ወንዝ ያመጣው ደለል ቶሎ ስለሸፈናት ከራሷ እስከ እግሯ ብዙው ተርፏል። አሸዋው ግን ድንጋይ ሆኖ ነበርና፣ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ አንድ አንድ ቅንጣት እየፈለፈሉ ሲያወጡላት ዓመታት አለፉ።

እኔን ከሁሉ የገረመኝ የቆፋሪዎቹ ሥርዓት ነው። አንድ አጥንት ሲገኝ መዥረጥ አድርገው አያወጡትም። መጀመሪያ የት እንደተኛ፣ በምን ያህል ጥልቀት፣ አጠገቡ ምን እንዳለ ይጽፋሉ፣ ይስላሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ። ቦታው ሳይመዘገብ የተነሣ አጥንት ግማሽ ታሪኩን ያጣል። የከርከሮው መንጋጋ በሰውየው ክንድ ውስጥ እንደነበር ባይጻፍ ኖሮ፣ ዛሬ አንድ ተራ የአውሬ አጥንት ነበር።

ይህን ሳስብ ሱዳን ላይ የቀሩት ይመጡብኛል። ወደ ኢየሩሳሌም ስንል በመንገድና በመጠለያ ያለቁት 4,000 ገደማ ናቸው ይባላል። ሄርጽል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ መቃብራቸው ግን ለብዙዎቻችን አይታወቅም። ማን የት እንደወደቀ፣ ማን እንደቀበረው፣ ከየትኛው ዛፍ ወይም ወንዝ አጠገብ እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። እዚህ የተወለዱት ልጆች ቁጥሩን ያውቃሉ፣ ስሙን ግን አያውቁም። በቤታችሁ ያሉት አሮጌ ፎቶዎችም እንደዚሁ ናቸው፤ ስም ካልተጻፈባቸው ነገ የማን እንደሆኑ ማንም አያውቅም።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። የልጅ ልጃችሁ ስለ ዋሻው ሲያወራ ስልኩን አውጥቶ ድምፃችሁን እንዲቀዳ ንገሩት። ስም፣ አባት፣ መንደር፣ የሞቱበት ቦታ፣ የቀበራቸው ሰው። አማርኛው ወይም ትግርኛው ባይገባው እንኳ ይቅዳው፤ የሚተረጉምለት አይጠፋም።

ቦታውን ማየት የምትፈልጉም አላችሁ። በሙት አጥንት ርኩሰት ምክንያት የምትሳቀቁ ካላችሁ፣ የስኹል አጥንቶች ከዚያ ተነሥተው በሙዚየም ነው ያሉት። ለሌላው ቄሳችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ።