ገባር በሰሜን፣ ገባር በደቡብ

ለቡ መብራት ኃይል በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ ያለ ሰፈር ነው። ዕድሜው ለጋ በመሆኑ ነዋሪው ከየአገሩ የተሰባሰበ ነው። በአንድ የዕድር ድንኳን ሥር የቢቸናው አዛውንትና የአሰላው አዛውንት ጎን ለጎን ተቀምጠው ንፍሮ ይዘግናሉ። እንግዲህ ሁለቱን «አያትዎ ምን ነበሩ?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው የሁለቱም መልስ «ገባር ነበሩ» ሊሆን ይችላል። የቢቸናው ሰው ግን ቃሉን የሚናገሩት ደረታቸውን ነፋ አድርገው ነው። የአሰላው ሰው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ስለ ሰሜንና ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ ልዩነት ሲወሳ ጤፍና እንሰት፣ ደጋና ቆላ፣ ቋንቋና ሃይማኖት ይነሣል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ዛሬም ድረስ እያነታረከን ያለው ልዩነት ግን በዚህች በአንዲት ቃል ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

በሰሜኑ፣ ማለትም በጎጃም፣ በበጌምድርና በትግራይ፣ ገባር ማለት ርስት ያለው፣ ስለ ርስቱም ግብር የሚከፍል ሰው ነው። ርስቱን የሚያገኘው በትውልድ ነው። ከብዙ ትውልድ በፊት መሬቱን ያቀና ዋና አባት አለ፤ ከእርሱ በአባትም ሆነ በእናት በኩል መወለዱን ያስረዳ ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ድርሻዬን ስጡኝ ማለት ይችላል። በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት ያጠናው አሜሪካዊው ምሁር አላን ሆበን በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ገበሬው የትውልድ ሐረጉን የሚቆጥረው ለክብሩ ብቻ ብሎ አይደለም፤ የሐረጉ ቆጠራ የእንጀራው ጉዳይ ነው። የማያልቀው የርስት ሙግትም የመጣው ከዚሁ ነው። በላዩ ላይ ጉልተኛው ነበረ። ጉልተኛው ራስም ይሁን ደብር፣ መብቱ ግብር መብላት ነው እንጂ ገበሬውን ከርስቱ መንቀል አልነበረም። «በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» የሚባለው በዚህ አገር ነው።

ይህን ስል ሰሜኑን ገነት ማድረጌ አይደለም። ሙስሊሙ፣ ቤተ እስራኤሉ፣ ሸማኔውና ቀጥቃጩ በብዙ ቦታ ከርስት የተገለሉ ነበሩ። ባለርስቱም ቢሆን ከጉልተኛው ጫና አላመለጠም።

በደቡብስ? ከ1870ዎቹ እስከ 1880ዎቹ ማብቂያ አርሲ፣ ወላይታ፣ ከፋና ሌሎችም በዐፄ ምኒልክ ጦር ሲያዙ፣ መንግሥት ለዚያ ሁሉ ወታደር የሚከፍለው ደመወዝ አልነበረውም። ስለዚህ በደመወዝ ፈንታ ሰው ሰጠ። ነፍጠኛው እንደ ማዕረጉ ይህን ያህል ገባር ተብሎ ተቆጠረለት። ገባሩ እህል ይሰፍራል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ቤት ይሠራል፣ አጥር ያጥራል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ጭነት ይሸከማል፣ ሚስቱ እህል ትፈጫለች። ትናንት የገዛ መሬቱ ጌታ የነበረ ሰው ዛሬ ራሱ ደመወዝ ሆነ ማለት ነው! ቀጥሎ ቃላድ መጣ። መሬቱ በገመድ እየተለካ በጋሻ ተቆጠረ፤ ሲሶው ለአገሩ ባላባት ቀረ፣ የተረፈው የመንግሥት ሆነና ለመኳንንት፣ ለወታደር፣ ለቤተ ክህነት ተደለደለ። ገባሩ ውሎ አድሮ ጭሰኛ ተባለ።

እዚህ ላይ ተረጋግቶ ማሰብ ያስፈልጋል። ነፍጠኛው ሁሉ ከሰሜን የመጣ አማራ አልነበረም፤ ከሸዋ የዘመተው ኦሮሞ ብዙ ነው። ሲሶውን የበላው ባላባትም የአገሩ ተወላጅ ነው። ሸዋ ራሷ፣ ያውም ሰሜን ልትባል የምትችለው ሸዋ፣ ከግማሽ በላይ ገበሬዋ ጭሰኛ እንደነበረ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ የተካሄዱት የመንግሥት ጥናቶች ያሳያሉ። ኢሉባቦርና ከፋም እንደዚሁ ናቸው። በእነዚያው ጥናቶች በጎጃምና በበጌምድር ጭሰኛው ከሩብ ያነሰ ነበር።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የጉልበት ግዴታው በሕግ ቀረ ተባለ። ነገር ግን ለአርበኛው፣ ለስደተኛው፣ ለወታደሩና ለመንግሥት ሠራተኛው የሚሰጠው መሬት በአብዛኛው የተገኘው በደቡብ ነው። በ1937 የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ደግሞ ጎጃምን፣ በጌምድርንና ትግራይን ከአዲሱ ስሌት ውጭ አድርጎ በቀድሞው ግብራቸው እንዲቀጥሉ ፈቀደላቸው። አንድ መንግሥት ሆኖ ሁለት የግብር መዝገብ ይዞ ኖረ።

ከሁሉ የሚገርመኝ የ1960 ዓ.ም. ነገር ነው። በዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። በረቂቁ ሲታይ ከባለ ብዙ መሬቱ ብዙ የሚወስድ፣ ለድኻው የሚራራ ሕግ ይመስላል። የጎጃም ገበሬ ግን ገማቾቹ ሲመጡበት ጠመንጃውን አነሣ። ሰውየው የፈራው ጥቂት ብር መክፈልን ብቻ አልነበረም፤ «ዛሬ ይገመታል፣ ነገ ይለካል፣ ከነገ ወዲያ እንደ ደቡቡ ጭሰኛ እሆናለሁ» ብሎ ነው። ጦር ተላከበት፤ በመጨረሻ ግን መንግሥት አፈገፈገ፣ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴም ከጎጃም ተነሡ። በዚያው ዓመት በአርሲ በስዊድን እርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ሥራ ጀመረ። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሲመጣ መሬቱ ዋጋ አወጣ፤ ባለመሬቱም ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን አሰናበተ። የቢቸናው ገበሬ እንዳይደርስበት የተዋጋለት ነገር በአሰላው ገበሬ ላይ ደረሰ። ደቡቡ ዝም ብሎ ኖረ ማለት ግን አይደለም፤ ጌዴኦ በ1952 ተነሥቷል፣ ባሌ ከ1955 ጀምሮ ሰባት ዓመት ተዋግቷል።

በየካቲት 1957 ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሲሰለፉ በዐይናቸው የነበረው የደቡቡ ጭሰኛ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967፣ ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ በአሰላና በወላይታ እልል ተባለ። ጭሰኝነት ቀረ፤ ገበሬው እስከ አሥር ሔክታር የመያዝ መብት አገኘ። በሰሜን ጥያቄው ሌላ ነበር፦ «መሬቱ ዱሮም የእኔው አይደለም እንዴ? ማን ለማን ነው የሚሰጠው?» አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች ይህን ሳያውቁት አልቀሩም፤ ለርስት አገር የተለየ ክፍል አበጅተው በዚያ ያለው ገበሬ ያረሰውን ይዞ እንዲቀጥል ደንግገዋል። ሆኖም በትውልድ የሚገኘው መብት፣ በእናት አገር ሄዶ ድርሻ መጠየቅ፣ አበቃለት። የራስ መንገሻ ሥዩም ኢ.ዲ.ዩ. በበጌምድር ተከታይ አግኝቶ በ1969 ሑመራንና መተማን ሊይዝ የቻለው የመኳንንቱ ስም ብቻ ስለረዳው ነው ብዬ አላምንም።

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ሲል ያው ክርክር እንደገና ተነሣ። አንዱ «ይሸጥ» የሚለውን ሲሰማ የባለመሬቱ ጥላ ይታየዋል፤ ሌላው «የመንግሥት ነው» የሚለውን ሲሰማ ገመዱ ይታየዋል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚያወሩት። በ1989 በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል «ቢሮክራት»፣ «ቅሪት ፊውዳል» የተባለው ገበሬ ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተደረገ። በ1960 የጎጃም ገበሬ ከአዲስ አበባ ይመጣብኛል ብሎ የፈራው ልኬታ በሠላሳ ዓመቱ ደረሰ፤ ለኪዎቹ ግን የገዛ ክልሉ ሰዎች ነበሩ።