የአሮጌው ትራክተር መተንፈሻ

በአገራችን የትራክተር እርሻ ታሪክ የአቧራ ጉዳት ቀላል አይደለም። በ1960ዎቹ በጭላሎ አውራጃ፣ በደርግ ዘመን (1967–1983 ዓ.ም.) ደግሞ በመንግሥት እርሻዎች ከተሠማሩት ማሴይ ፈርጉሰንና ቤላሩስ ትራክተሮች ብዙዎቹ አየር የሚያጣሩት በዘይት ነበር፤ አቧራው ከማጣሪያው ሥር ባለው የዘይት ሳህን ይቀራል። ሳህኑ በጭቃ ሲሞላ ሞተሩ አየር ያጥረዋል፤ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ጉልበቱም ይደክማል። ያን ጊዜ ፖምፓው ያለ ጥፋቱ ይፈታል።

ከዚህ የሚብሰው ከማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚወስደው ቱቦ ሲሰነጠቅ ነው፤ አቧራው ሳይጣራ ገብቶ ሲሊንደሩንና ፒስተኑን ይበላል። ዛሬም አሮጌ ትራክተር ያለው ማኅበር ከፖምፓው በፊት ሳህኑንና ቱቦውን ቢፈትሽ የአባላቱን ገንዘብና የእርሻ ወቅት ያድናል።