ሽንትን መቆጣጠር አለመቻልና የማሕፀን መውጣት፦ ዓይነታቸውና ሕክምናቸው

ባሕር ዳር፦ ሽንትን መቆጣጠር አለመቻልና የማሕፀን መውጣት የብዙ እናቶች የጤና ችግሮች ናቸው። በጣና ዙሪያ በሚገኙ የገጠር ቀበሌዎችም ሆነ በከተማ፣ ችግሩ የገጠማቸው እናቶች ሕመማቸውን ለባልም ለጎረቤትም ሳይናገሩ ዓመታትን ያሳልፋሉ። አንዳንዶች ከእርጅና ይቆጥሩታል፤ ሌሎች ከእርግማን። ይሁን እንጂ ችግሩ የአካል ጉዳት ነው፤ በአብዛኛውም ሕክምና አለው። ሕክምናው ግን እንደ ጉዳቱ ዓይነት ስለሚለያይ ቀዳሚው ተግባር የትኛው ችግር እንደሆነ መለየት ነው።

የዳሌ ወለል ምንድን ነው?

የዳሌ ወለል የሚባለው በዳሌ አጥንት ግርጌ ተዘርግቶ የሽንት ፊኛን፣ ማሕፀንንና የታችኛውን አንጀት ከሥር የሚደግፍ የጡንቻና የጅማት ንጣፍ ነው። ሽንትንና ሰገራን ለመቆጣጠርም ያግዛል። እርግዝና፣ ተደጋጋሚ ወሊድ፣ የተራዘመ ምጥ፣ ከባድ ሸክም፣ የቆየ ሳልና የሆድ ድርቀት ያላሉታል። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ውኃ ሲሞላ 20 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። እናት ከወለደች ጥቂት ሳምንታት ሳይሞላት ይህን ተሸክማ ዳገት ስትወጣ፣ ጫናው ገና ባልጠነከረው በዚህ ጡንቻ ላይ ጭምር ያርፋል።

ሲያስሉ ወይም ሸክም ሲያነሡ የሚያመልጥ ሽንት

በሳል፣ በሳቅ፣ በማስነጠስ ወይም ዕቃ በማንሣት ጊዜ ጥቂት ሽንት የሚያመልጥ ከሆነ መንሥኤው ብዙውን ጊዜ የጡንቻው መላላት ነው። የመጀመሪያው ሕክምና የዳሌ ወለል እንቅስቃሴ ነው። ሴቲቱ ሽንትንና አየርን ለመያዝ እንደምታደርገው ጡንቻውን ወደ ውስጥና ወደ ላይ ትስባለች፤ ለጥቂት ሰከንዶች ይዛ ትለቅቃለች። ይህን 8 ጊዜ እየደጋገሙ በቀን 3 ጊዜ፣ ቢያንስ ለ3 ወር መሥራት ይመከራል። በእንቅስቃሴው ጊዜ ትንፋሽ መያዝ፣ ሆድንና ጭንን ማጥበቅ አያስፈልግም። ቡና እየቆሉም ሆነ ሕፃን እያጠቡ ሊሠራ ይችላል፤ ገንዘብ አይጠይቅም። በዚህ ለውጥ ካልታየ በቀዶ ሕክምና ሊስተካከል ይችላል።

ድንገት የሚያጣድፍ ሽንት

ሽንት በድንገት አጣድፎ መጸዳጃ ቤት ሳይደረስ የሚያመልጥ ከሆነ ችግሩ ከፊኛው ያለጊዜው መኮማተር ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና የስኳር በሽታም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳዩ በቅድሚያ የሽንትና የደም ምርመራ ያስፈልጋል። ሕክምናው ፊኛን ማሠልጠን ነው፤ ይኸውም በሁለት ሽንቶች መካከል ያለውን ጊዜ ቀስ በቀስ ማራዘም ማለት ነው። ቡናና ሻይ መቀነስም ይረዳል። ለውጥ ከሌለ ሐኪም መድኃኒት ሊያዝዝ ይችላል። ሽንትን በመፍራት ውኃ መጠጣት ማቆም ግን አይመከርም፤ የወፈረ ሽንት ፊኛን ይበልጥ ያስቆጣልና።

የማሕፀን መውጣት

በብልት አካባቢ የክብደት ስሜት፣ ወደ ታች የሚጎትት የወገብ ሕመም፣ ቆይቶም ወደ ውጭ የሚገፋ እብጠት የማሕፀን መውጣት ምልክቶች ናቸው። እብጠቱ ቆመው ሲውሉ ወይም ሲሸከሙ ይብሳል፤ ሲተኙ ይቀልላል። በዚህም ምክንያት አጎንብሶ አረም ማረምና የፎገራን የሩዝ ማሳ የመሰለ የቀን ሙሉ ሥራ ለታማሚዋ እጅግ ከባድ ነው።

ደረጃው ዝቅተኛ ሲሆን የዳሌ ወለል እንቅስቃሴ፣ ሸክምን መቀነስና የሆድ ድርቀትን ማከም ይረዳሉ። ሁለተኛው አማራጭ ፔሳሪ የሚባል፣ ከሲሊከን የሚሠራና በብልት ውስጥ ገብቶ ማሕፀንን ደግፎ የሚይዝ ቀለበት ነው። ባለሙያ ልኩን መርጦ ያስገባዋል፤ በየጊዜውም መታጠብና መታየት አለበት። ሙሉ በሙሉ ለወጣ ማሕፀን ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይሰጣል። ማሕፀኑን ማውጣት ወይም ሳይወጣ ወደ ቦታው መልሶ መስፋት ይቻላል። ተጨማሪ ልጅ የምትፈልግ ሴት ይህንን አስቀድማ ለሐኪሟ መንገር ይኖርባታል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቢያንስ ለ6 ሳምንታት ከባድ ዕቃ አለማንሣት ግዴታ ነው፤ ካልሆነ ችግሩ ሊመለስ ይችላል።

ፌስቱላ

ቀንም ሌሊትም ያለማቋረጥ የሚፈስ ሽንት፣ በተለይም ከረጅም ምጥ በኋላ የጀመረ ከሆነ፣ ፌስቱላን ያመለክታል። የሕፃኑ ጭንቅላት ለረጅም ጊዜ ፊኛውን ከአጥንት ጋር ሲጫነው የደም ዝውውር ይቋረጣል፤ ሥጋው ይሞታል፤ በቀናት ውስጥም ቀዳዳ ይከፈታል። ቀዳዳው በአንጀት በኩል ከሆነ ሰገራም ያመልጣል። ፌስቱላ በእንቅስቃሴም በእንክብልም አይድንም።

እዚህ ላይ ጊዜ ወሳኝ ነው። ከወሊድ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ የደረሰች ሴት ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ፣ የሽንት ማውጫ ቱቦ ለሳምንታት በመልበስ ብቻ ያለ ቀዶ ሕክምና ሊደፈንላት ይችላል። የዘገየው ጉዳት በቀዶ ሕክምና ይጠገናል፤ ብዙዎችም ይድናሉ። አንዳንዶች ግን ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላም ሽንት ሊያመልጣቸው ስለሚችል ክትትል ያስፈልጋቸዋል። የዳነች ሴት ዳግም ስታረግዝ በሆስፒታል፣ በቀዶ ሕክምና እንድትወልድ ይመከራል።

ሕክምናው የት ይገኛል?

ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በ1974 የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን ከፍተዋል። በባሕር ዳር የሚገኘው የሐምሊን ፌስቱላ ማዕከል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ ጀምሯል። የፌስቱላ ሕክምናው በነፃ ነው። ስለዚህ በገንዘብ እጦት ምክንያት በቤት መቅረት አያስፈልግም።

በገጠር ያለች እናት የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም በጤና ጣቢያ ያለችውን አዋላጅ ነርስ ማነጋገር ትችላለች። ስትናገርም ሽንቱ መቼ እንደሚያመልጥ፣ ከየትኛው ወሊድ በኋላ እንደጀመረና ምጡ ምን ያህል እንደቆየ ብትገልጽ ጉዳቱን ለመለየት ያግዛል። ሽንት ከደም ጋር የሚወጣ ከሆነ፣ ትኩሳትና የጎን ሕመም ካለ ወይም ሽንት ጨርሶ ከተዘጋ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል።

ቤተሰብ ምን ማድረግ ይችላል?

ፌስቱላን መከላከል የሚቻለው ምጥ ሳይራዘም በባለሙያ በመውለድ ነው። ከደቅ ደሴትና ከሌሎች የጣና ደሴቶች በጀልባ መሻገር ለሚኖርባቸው እናቶች፣ ምጥ እስኪጀምር ከመጠበቅ ይልቅ ቀኑ ሲቃረብ በጤና ተቋም የእናቶች ማቆያ መሰንበት የተሻለ ነው። ያለ ዕድሜ ጋብቻን ማስቀረትም ወሳኝ ነው፤ ዳሌዋ ገና ያልሰፋ ልጅ ምጧ የመራዘም ዕድሉ ከፍተኛ ነውና።

አራስን ከሥራ የማሳረፍ ነባር ወጋችን ለዳሌ ወለልም መድኃኒት ነው። በዚያ ወቅት ውኃውንና እንጨቱን ባል ወይም ሌላ የቤተሰብ አባል ቢሸከም፣ እናትየዋን ከዓመታት ሕመም ሊያድናት ይችላል። ሕመሙ ከጀመረም ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋት፣ ሳያፍርባት አብሯት ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሰው ነው።