ናፍታ፤ ከአውግስቡርግ እስከ ደሴ

አባቴ ሹፌር ነበር። ደሴ ተቀምጦ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ላንድሮቨር ወሎን ከዳር እስከ ዳር ሲያካልል ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ የቀረው ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ የራሱን መኪና መንዳት። እኔ ጀርመን አገር መጥቼ ፍራንክፈርት መኖር ከጀመርኩ በኋላ፣ በ2022 አንድ ቀን በስልክ፣ «ልጄ፣ መኪና እገዛልሃለሁ ብለኸኛል። የፈለገችው ትሁን፤ ብቻ ናፍታ ትሁን፤ ዳገትም ውኃም የማትፈራ» አለኝ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። እኔ ግን መሪ ጨብጬ የማላውቅ፣ በጋዜጠኝነት ዲፕሎማ የያዝኩ የብዕር ሰው ነኝና፣ መኪናዋን ከመምረጤ በፊት ታሪኳን ላንብብ አልኩ። ንባቡ ሁለት ዓመት ፈጀ። ያ ሁለት ዓመት ምን እንዳስከፈለኝ ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ።

ለመሆኑ «ናፍታ» የሚለውን ቃል ከየት አመጣነው? ከጣሊያን ነው። ፋሽስት ኢጣሊያ ከ1936 እስከ 1941 አገራችንን በወረረባቸው ዓመታት ከባድ መኪናዎቹን ለማንቀሳቀስ ሲል ተራራ እየሸነሸነ፣ ጣርማበርን እየበሳ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል አስመራ የሚያደርስ መንገድ ዘረጋ። እሱ ተባረረ፤ ቃላቱ ግን ከጋራዣችን አልወጡም። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ቴስታታ ስንል የምንናገረው የእሱን ቋንቋ ነው። ናፍታም እንዲሁ። ሌላው ዓለም ግን ይህንኑ ነዳጅ የሚጠራው በአንድ ሰው ስም ነው።

ሰውየው ሩዶልፍ ዲዝል ይባላል። በ1858 ከጀርመናውያን ወላጆች ፓሪስ ላይ ተወለደ። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በካንዴላ ብልጭታ ነው። ዲዝል ያሰበው ግን አየሩን ብቻ አጥብቆ በማመቅ እንዲግል ማድረግን፣ ከዚያም ነዳጁ በጋለው አየር ውስጥ ሲረጭ በራሱ ጊዜ እንዲቀጣጠል ነበር። አውግስቡርግ በሚገኝ ፋብሪካ ውስጥ ለዓመታት ሲደክም ቆይቶ በ1897 የተሳካለት ሞተር ከነዳጁ ጉልበት 26 በመቶ ያህሉን ወደ ሥራ ለወጠ። የዘመኑ የእንፋሎት ሞተር የዚህን ግማሽ እንኳ ለማግኘት ይቸገር ነበር። ዲዝል ግን የድካሙን ፍሬ በሰላም አልበላም። በመስከረም 29 ቀን 1913 ከቤልጂግ ወደ እንግሊዝ በመርከብ ሲሻገር ሌሊቱን ጠፋ፤ አስከሬኑ ከቀናት በኋላ ባሕር ላይ ተገኘ። ራሱን ይጣል፣ ሌላ ሰው ይጣለው እስከ ዛሬ ያከራክራል።

አባቴ ስለ ዲዝል ሰምቶ አያውቅም፤ የሥራውን ጥቅም ግን ከማንም በላይ ያውቃል። ክረምት ላይ ቦርከና ሲሞላ የባልደረባው የቤንዚን መኪና ኤሌክትሪኩ ረጥቦ ወንዙ መሃል ቀጥ ሲል፣ የእሱ ላንድሮቨር እያጉረመረመች ትሻገር እንደነበር ስንት ጊዜ አውርቶልናል! ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ካንዴላ የሌለው ሞተር ካንዴላው አይረጥብም።

ላንድሮቨርስ ከየት መጣች? ከጂፕ ናት። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ600 ሺህ በላይ ጂፕ ሠርተው ነበር። ሮቨር የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ ከጦርነቱ የተረፈች አንዲት ጂፕ ዌልስ ውስጥ በሚገኘው እርሻው ላይ ይነዳ ነበር። በ1947 የራሱን መኪና አሰበ፤ በ1948 ሚያዝያ 30 ቀን አምስተርዳም በተከፈተው የመኪና ትርኢት ላይ ላንድሮቨር ለዓለም ታየች። አካሏ ከአሉሚኒየም የሆነው ለውበት አይደለም፤ ከጦርነቱ በኋላ ብረት በኮታ ስለሚታደል ነው። በ1957 የናፍታ ሞተር ተገጠመላት። ገበሬው ከትራክተሩ በርሜል ቀድቶ ሊሞላት ቻለ።

ጃፓን ደግሞ ሌላ መንገድ ይዛ መጣች። ቶዮታ በ1951 የጭነት መኪና ሞተር በትንሽ ሻንሲ ላይ ጫነና በፉጂ ተራራ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ድረስ አወጣት። ያየው የጃፓን ፖሊስ 289 መኪናዎች አዘዘ። በመጀመሪያ «ቶዮታ ጂፕ» ትባል ነበር፤ ጂፕ የሚለው ስም ባለቤት ስላለው በ1954 «ላንድክሩዘር» ተባለች። ስሙን ያወጣው የቶዮታ መሐንዲስ ክብሯ ከላንድሮቨር እንዳያንስ አስቦ እንደነበር ይነገራል። በ1950ዎቹ መጨረሻ አውስትራሊያ ውስጥ በስኖዊ ተራሮች ለሚገነባው የኤሌክትሪክ ኃይል ግድብ ሥራ ገብታ በላንድሮቨር ሜዳ ከላንድሮቨር ጋር ተፎካከረች። በ1974 በአጭሯ ላንድክሩዘር ላይ ባለ 3 ሊትር የናፍታ ሞተር መጣ። ከዚያ ወዲያ አፍሪካ ውስጥ የሆነውን ለአንባቢ መንገር አያሻም፤ በድርቁ ዘመንም ሆነ ከዚያ በኋላ ነጭ ላንድክሩዘር ያላየ አለ?

ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ። በምርጫዬ ፊት ሁለት አሮጌ መኪናዎች ነበሩ፤ አንዷ ከ1994 በኋላ የተሠራች ባለ 2.5 ሊትር ላንድሮቨር ዲፌንደር፣ ሌላዋ ባለ 4.2 ሊትር ላንድክሩዘር። ሁለቱም ቱርቦ አላቸው። ይህ ለደሴ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣልና፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ሩቡ ይቀንስበታል። እዚህ ፍራንክፈርት ጋራዥ ያለው አንድ የአገሬ ሰው ግን፣ «የላንድሮቨሯን ዘይት እየጠረግህ ልትኖር ነው? ላንድክሩዘሯን ውሰድ፤ ዕቃዋ የትም አለ» አለኝ። አባቴን ብጠይቀው የተቀየመ መሰለ። «ላንድሮቨር ዘይት ካላንጠባጠበች ዘይቷ አልቋል ማለት ነው፤ በመዶሻና በሽቦ ትጠገናለች» አለ።

እኔ ስዋልል ሌላ ጣጣ መጣ። አሮጌ የናፍታ መኪና በዲዝል አገር በራሱ የማይፈለግ እንግዳ ሆኗል። ከ2008 ጀምሮ የጀርመን ከተሞች ጭሷ ለበዛ መኪና መሃል ከተማቸውን ይዘጋሉ፤ በ2018 የሌይፕዚግ ፍርድ ቤት ከተሞች ናፍታን የማገድ መብት እንዳላቸው ወሰነ። ስለዚህ አሮጌዋ እዚህ በርካሽ ትገኛለች። ነገር ግን በአገራችን በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ሕግ ያረጀ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጫነ። አዲሷን ልግዛ ቢሉ ደግሞ ኮምፒውተር የሞላባት፣ የጭስ ማጣሪያዋም ድኝ የበዛበት ናፍታ ሲያገኝ የሚታፈን ናት። አሮጌዋን ቀረጡ፣ አዲሷን ነዳጁ ከለከለኝ። ደሞዜን እየቆጠብኩ፣ መጽሐፍ እያነበብኩ «ትንሽ ልይ» ስል ከረምኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የዘገየችው ግን የምታፈሰውም አልነበራት።

በጥር 2024 የኢትዮጵያ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ምክንያቱ የነዳጅ የውጭ ምንዛሪ ነበር። በቁጥር ሲታይ ምክንያቱን መንቀፍ ይከብዳል፤ ነዳጁን ከባሕር ማዶ የምንገዛ፣ ኤሌክትሪኩን ግን ከወንዞቻችን የምናገኝ ሕዝብ ነን። እኔ ግን ያሰብኩት የአባቴን ፊት ነበር።

ስደውልለት ነገሩን ከእኔ ቀድሞ ሰምቶ ነበር። አልተናደደም። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ የሹፌር ጥያቄ ጠየቀኝ፤ «የኤሌክትሪኳ ውኃ ትሻገራለች?»

«ባትሪዋ የታሸገ ነው አባባ፤ ልኳን ካላለፈ ትሻገራለች።»

«ከወልድያ ወዲያስ ማን ይሞላታል? ስትበላሽስ ማን ያውቃታል?»

መልስ አልነበረኝም። ሁለት ዓመት ያነበብኩት ታሪክ ሁሉ ግን በዚች ጥያቄ ውስጥ ነበር። ላንድሮቨርን ገበሬ ቤት ያስገባት የትራክተሩ በርሜል ነው፤ ላንድክሩዘርን ያሸነፈላት ዕቃዋ በየመንደሩ መገኘቱ ነው። ሰው መኪና ብቻውን አይገዛም፤ ነዳጁን፣ ጋራዡን፣ የመካኒኩንም ቃላት አብሮ ይገዛል። ለናፍታ ያን ሁሉ ጣሊያን ትቶልን ሄደ። ለኤሌክትሪኩ የምንተክለው እኛው ነን፤ እስኪተከል ግን አባቴ 70 ዓመት አልፎታል።

ገንዘቡ አሁንም ባንክ ነው። አባቴም በደወልኩ ቁጥር ስለ መኪና አያነሳም፤ የሚጠይቀኝ መቼ እንደምመጣ ብቻ ነው። በመጪው ክረምት እሄዳለሁ። ሄጄም በአውቶቡስ ቢሆን አብረን ቦርከናን እንሻገራለን።